ሰው ከቤቱ የሚያመጣውን የኤሌክትሪክ ዕቃ አዳራሽ ውስጥ ከመሰካቱ በፊት እንዴት እንፈትሽ? (ሐዋሳ)

የአዳራሽ ጸሐፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ያለ የዕድር አዳራሽ ጸሐፊ ነኝ። አዳራሹ ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለስብሰባና ለመዘምራን ልምምድ ይሰጣል። የራሱ ዕቃ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ሰዉ ከቤቱ ይዞ ይመጣል፦ ምጣድ፣ ስቶቭ፣ የውሃ ማፍያ፣ ካውያ፣ ሞንታርቦ፣ ኪቦርድ፣ ላፕቶፕ፣ ዲቫይደር በየዓይነቱ። አንዳንዱ ዕቃ ሲነካ ይነዝራል።

ኮሚቴው "እንደ ውጭ አገር እያንዳንዱ ዕቃ በየዓመቱ ተለክቶ ምልክት ይለጠፍበት" የሚል ሐሳብ አቅርቧል። መለኪያው የትኛው ነው? በተራ መልቲሜትር ይቻላል? ቁጥሩ ስንት ሲሆን ነው "ይህ አይገባም" የምንለው? ብሬከር አለን፤ አርሲዲ የሚባለው (ኮረንት ወደ መሬት ወይም ወደ ሰው ሲያመልጥ የሚቆርጠው) ይኑር አይኑር አላውቅም። የግድግዳ ሶኬቶቹ ባለ ሁለት ቀዳዳ ሆነው ጎንና ጎናቸው ላይ የብረት ምላስ ያላቸውም፣ የሌላቸውም አሉ።

ሽቦና ብሬከር፦

እህቴ፣ ከዕቃው በፊት ግድግዳውን አስለኪ። ኮሚቴው ያለውን ገንዘብ በሙሉ ለመለኪያና ለምልክት ቢያወጣው፣ ሶኬቱ ግን ኧርዝ (ከዕቃው ብረት ያመለጠን ኮረንት ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) ከሌለው፣ "አልፏል" የተባለው ካውያ እዚያ ሲሰካ ምንም ጥበቃ የለውም። የካውያው ኧርዝ ሽቦ የሚጠቅመው ከግድግዳው በኩል የሚቀበለው ሽቦ ሲኖር ነው።

የብረት ምላስ የሌላቸው ሶኬቶች ላይ የሚለካ ነገር የለም፤ ኧርዝ የላቸውም። በምላስ ባላቸው ይቀየሩ። ያ እስኪሆን ወጥ ቤትና መድረክ አካባቢ ያሉት ይዘጉ። ምላስ ያላቸውም ቢሆኑ ከኋላቸው ሽቦ ላይኖር ይችላል። ዋናው ብሬከር ይጥፋ፣ ማንም እንዳይመልሰው አንድ ሰው ሳጥኑ ዘንድ ይቁም፣ ኃይል አለመኖሩ በመልቲሜትር ይረጋገጥ፣ ከዚያ የሶኬቱ ክዳን በካቻቢቴ ይፈታ። ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ከምላሱ ብሎን ላይ ጠብቆ ታስሮ ካልታየ ያ ሶኬት ኧርዝ የለውም።

ሽቦው ካለ ኃይሉ ተመልሶ ሦስት ልኬት ይወሰድ፦ በፌዝ (ኃይሉን በሚያመጣው ሽቦ) እና በኒውትራል (በሚመልሰው ሽቦ) መካከል፣ በፌዝና ኧርዝ መካከል፣ በኒውትራልና ኧርዝ መካከል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተቀራራቢ ሆነው 220 ቮልት አካባቢ፣ ሦስተኛው ጥቂት ቮልት ቢሆን ደህና ምልክት ነው። በፌዝና ኧርዝ መካከል 90 ወይም 130 የሚል የሚዋዥቅ ቁጥር ከመጣ ኧርዙ የትም አልደረሰም፤ ተንጠልጥሎ የቀረ ሽቦ ከጎኑ ካለው ፌዝ የሚያገኘውን ነው ሜትሩ የሚያነበው። 220 ማሳየቱም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። መልቲሜትር የሚስበው ኮረንት ኢምንት ስለሆነ የዛገ፣ በአንዲት ክር የተንጠለጠለ ግንኙነት እንኳ ሙሉ ቮልቴጅ ያሳያል። እውነቱን የሚናገረው የሉፕ ኢምፒዳንስ መለኪያ፣ ማለትም ጉድለት ሲፈጠር ኮረንቱ በኧርዙ የሚመለስበትን መንገድ መቋቋም የሚለካው ነው። የብቃት ማረጋገጫ ያለው ኤሌክትሪሽያን መለኪያውን ይዞ መጥቶ አንድ ቀን ሁሉንም ሶኬት ቢለካላችሁ ለዓመታት የሚጠቅም ሥራ ነው።

አንድ የተለመደና እጅግ አደገኛ ነገር አለ። ኧርዝ ሽቦ ሳይዘረጋ የቀረ እንደሆነ አንዳንድ ሠራተኛ ሶኬቱ ውስጥ ከኒውትራሉ ወደ ኧርዝ ምላሱ አጭር ሽቦ ያገናኛል። ልኬቱ ያማረ ይሆናል፦ 220፣ 220፣ ዜሮ። ነገር ግን ኒውትራሉ ከኋላ የሆነ ቦታ ላይ ቢላላ ወይም ቢበጠስ፣ እዚያ የተሰካው ዕቃ ብረት አካል በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል፤ ዕቃው ራሱ ምንም ጉድለት ሳይኖርበት። ስለዚህ እዚያው ሶኬት ላይ የውሃ ማፍያ በዲቫይደር እየሠራ ሳለ በኒውትራልና ኧርዝ መካከል ንጹሕ 0.0 ካያችሁ አትርኩ፤ አጥፍታችሁ ክፈቱት። ሸክም ባለበት መስመር ላይ 1 ወይም 2 ቮልት መታየቱ ነው ጤነኛው።

ኧርዙ ደህና ቢሆን እንኳ ብሬከር ብቻውን ሰው አያድንም። አዳራሹ የራሱ የመሬት ዘንግ ላይ ብቻ የቆመ ነው እንበል፤ የዘንጉ መቋቋም 20 ኦም ቢሆን (ይህ ጥሩ የሚባል ነው) ፌዝ የነካው ብረት ወደ መሬት የሚልከው 220 ሲካፈል ለ20፣ ማለትም 11 አምፒር ነው። ባለ 16 አምፒር ብሬከር በ11 አምፒር አይወርድም። ብረቱ ኮረንት እንደያዘ ይቆያል፣ የሚቀጥለው ሰው እስኪነካው። አርሲዲ ግን የሚሄደውንና የሚመለሰውን ኮረንት እያወዳደረ 30 ሚሊ አምፒር ልዩነት ሲያይ በ0.3 ሰከንድ ውስጥ፣ አምስት እጥፉን ሲያይ በ0.04 ሰከንድ ውስጥ ይቆርጣል።

ሳጥናችሁ ውስጥ አርሲዲ መኖሩን የምታውቂው የመሞከሪያ ቁልፍ ያለበት፣ ከብሬከሮቹ ሰፋ ያለ ዕቃ በማየት ነው። ፊቱ ላይ 0.03 አምፒር ወይም 30 ሚሊ አምፒር መጻፉን አረጋግጪ። 0.1 ወይም 0.3 ከሆነ ለእሳት መከላከያ የተሠራ ነው እንጂ ለሰው ልጅ አይደለም። ቁልፉ ሲጫን "ጠቅ" ብሎ ካልወረደ ያው እንደሌለ ቁጠሪው። ነገር ግን ቁልፉ ሠራ ማለት ኧርዝ አለ ማለት አይደለም፤ ቁልፉ የሚፈትነው የራሱን ውስጥ ነው። ደግሞ በአንድ እጁ ፌዝ በሌላው ኒውትራል የያዘን ሰው አርሲዲ አያውቀውም፤ እንደ ማንኛውም ሸክም ነው የሚቆጥረው።

"አርሲዲ አስገብተን ሁልጊዜ እየወረደ አስቸገረን፣ አስወጣነው" የሚል ከመጣ መጀመሪያ የሚታየው ኒውትራሉ ነው። ከአርሲዲው በኋላ ያለው ኒውትራል ከሌላ መስመር ኒውትራል ጋር በአንድ ባር ላይ ከታሰረ ምንም ጉድለት ሳይኖር ይወርዳል። ለየብቻ ባር ማድረግ ነው መድኃኒቱ።

የቴክኒክ መምህር፦

ከላይ የተባለው ይቅደም። እኔ ስለ ዕቃው ልጨምር።

ለኮሚቴዎ፦ እንግሊዝ አገር በ1989 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የሥራ ቦታ ኤሌክትሪክ ደንብ እንኳ "በየዓመቱ ለክታችሁ ምልክት ለጥፉ" አይልም፤ ዕቃው አደጋ እንዳያመጣ ሆኖ ይያዝ ነው የሚለው። በ2020 የታደሰው የአገሪቱ የምህንድስናና ቴክኖሎጂ ተቋም (አይኢቲ) መመሪያም ቋሚ የጊዜ ሰሌዳውን ትቶ እንደ ዕቃው፣ እንደ ቦታውና እንደ ተጠቃሚው እንዲወሰን አድርጓል። ለእናንተ ይህ በጣም ይሠራል። ሰው በዓመት አንዴ ለአንድ ቀን የሚያመጣውን ዕቃ ባለፈው ዓመት መለካታችሁ ዛሬ ስላለበት ሁኔታ አይነግራችሁም። ስለዚህ የአዳራሹ ዕቃ በቀጠሮ ይለካ፤ የእንግዳው ዕቃ በገባ ቁጥር በዓይን ይታይ፤ በእጅ የሚያዝና ውሃ የሚነካው ደግሞ በመለኪያም ይታይ።

ዓይን የሚያገኘው ከመለኪያ ይበልጣል። ከስፒናው ይጀምሩና ገመዱን ተከትለው ዕቃው ድረስ ይሂዱ። የስፒናው እግሮች ቡናማ ሆነዋል ወይም ዙሪያቸው ያለው ፕላስቲክ ቀልጧል? ሶኬት ላይ ሲላላ ሲግል የቆየ ነው፣ አይገባም። የውጭው ልባስ ከስፒናው አፍ ተንሸራቶ የውስጥ ባለ ቀለም ሽቦዎች ይታያሉ? አይገባም። መሀል ላይ በፕላስተር ተጠቅልሎ የተቀጠለ ገመድ ውስጡን መክፈት ሳያስፈልግ ይመለስ። ገመዱ ከዕቃው የሚወጣበትን ቦታ በጣት እያጠፉ ይዳስሱ፤ ካውያ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው።

ስፒናውና ዕቃው መስማማታቸውንም ይዩ። የብረት አካል ያለው የውሃ ማፍያ፣ ካውያ ወይም ስቶቭ ኧርዝ ያለው ስፒና ሊኖረው ግድ ነው፦ ወይ ጎኑ ላይ የብረት መንካኪያ ያለው ክብ ስፒና፣ ወይ ባለ ሦስት እግር። ሁለት ቀጫጭን እግር ብቻ ያለው ስፒና የብረት ማፍያ ላይ ካገኙ አንድ ሰው ቀይሮታል፣ ኧርዙም ተቆርጦ ቀርቷል። ኧርዝ የማያስፈልገው ዕቃ ላይ፣ ለምሳሌ አብዛኛው ፀጉር ማድረቂያ፣ ካሬ በካሬ ውስጥ የሆነ ምልክት ይታያል። ከዚህ ሌላ፣ ባለ ሦስት እግሩን የእንግሊዝ ስፒና ወደ ሁለት ቀዳዳ የሚቀይረው ርካሽ አዳፕተር በሙሉ ይከልከል። አብዛኛው በውስጡ የኧርዝ መስመር የለውም፤ ደህናውን ዕቃም ኧርዝ አልባ ያደርገዋል።

አሁን ልኬት። ዕቃው ከሶኬት የተነቀለ ይሁን።

አንደኛው ልኬት የኧርዝ ቀጣይነት ነው፦ ከስፒናው ኧርዝ እስከ ዕቃው ባዶ ብረት፣ ቀለም ያልተቀባ ብሎን ላይ። ገደቡ 0.1 ኦም ሲደመር የገመዱ የራሱ መቋቋም ነው። ባለ 0.75 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ገመድ በሜትር 0.026 ኦም፣ ባለ 1.5 ደግሞ 0.0133 ኦም አለው። ስለዚህ ባለ 2 ሜትር ቀጭን ገመድ ካውያ ከ0.15 ኦም መብለጥ የለበትም። በመልቲሜትር ይህን በትክክል መለካት አይቻልም፤ የራሱ ገመዶች ብቻ 0.2 ወይም 0.3 ያሳያሉ። ሁለቱን ጫፍ አነካክተው ያንን ቁጥር ይቀንሱ፣ የቀረው 0 ወይም 0.1 ከሆነ ኧርዙ አልተበጠሰም ማለት ነው። እያነበቡ ገመዱን በሁለቱም ጫፍ ይወዝውዙ፤ ቁጥሩ ከዘለለ ክሮቹ እየተበጠሱ ነው።

"አልተበጠሰም" ከማለት በላይ ግን አይሂዱ። ባለ 0.75 ሽቦ 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው 24 ክሮች ናቸው። ስፒናው አፍ ላይ 23ቱ ተበጥሰው አንዱ ቢቀር፣ የተበላሸው ቦታ 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ የሚጨምረው መቋቋም ከ0.006 ኦም አይበልጥም፤ መልቲሜትር ጭራሽ አያየውም። ፌዝ አካሉን የነካ ቀን ግን ያቺ አንዲት ክር ብሬከሩ ሳይወርድ እንደ ፊውዝ ተቃጥላ ትበጠሳለች፣ ብረቱም ኮረንት እንደያዘ ይቀራል። የዕቃ መፈተሻ ማሽኖች 10 ወይም 25 አምፒር የሚልኩበት ምክንያት ይኸው ነው፤ እንዲህ ያለው ክር ማሽኑ ላይ ይበጠስ እንጂ ሰው ላይ እንዳይበጠስ።

ሁለተኛው ልኬት ኢንሱሌሽን ነው፦ ኮረንት ያለባቸውን ሽቦዎች ከዕቃው አካል የሚለየው ልባስ። መልቲሜትር እዚህ ላይ ፈጽሞ አይሠራም፤ ከባትሪው ጥቂት ቮልት ብቻ ስለሚልክ እርጥበትና ስንጥቅ አይታየውም። 500 ቮልት ዲሲ የሚልክ ሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ) ያስፈልጋል። የስፒናውን ፌዝና ኒውትራል እግሮች አንድ ላይ ያገናኙ፣ አንዱ ጫፍ እዚያ፣ ሌላው ኧርዙ ላይ፣ የዕቃው ማብሪያ "በራ" ላይ ይሁን። 5 ሰከንድ ያህል ይጫኑ። ኧርዝ ያለው ዕቃ 1 ሜጋ ኦምና ከዚያ በላይ፣ ካሬ በካሬ ምልክት ያለው 2 ሜጋ ኦምና ከዚያ በላይ ማሳየት አለበት። የኋለኛው ኧርዝ ስለሌለው ሁለተኛው ጫፍ የሚታዩ ብረቶቹ ላይ፣ ብረት ከሌለው በተጠቀለለበት ፎይል ላይ ይደረጋል። 3 ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ የሆነ ማሞቂያ 0.3 ሜጋ ኦም ይበቃዋል።

ሁለት ማሳሰቢያ። ሜገሩ ሲጫን ጫፎቹንም ዕቃውንም ማንም አይንካ፤ ከተለካም በኋላ እስኪያወርድ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቁ። ደግሞ በንክኪ ወይም በቺፕ የሚበራ አዲስ ዓይነት የውሃ ማፍያ ሳይሰካ ውስጡ ያለው ሪሌይ ክፍት ስለሆነ ሜገር ኤለመንቱን አያገኘውም፤ ትልቅ ቁጥር ያሳይና ያታልላል። እንዲህ ያለው ተሰክቶ በሚለካ የሊኬጅ (ወደ ኧርዝ የሚያመልጥ ኮረንት) ልኬት ነው የሚታየው።

ረጅም ጊዜ ሳይሠራ የቆየ የማፍያ ወይም የስቶቭ ኤለመንት በሜገር ቢወድቅ ወዲያው አይጣል። ኤለመንቱ ውስጥ ያለው ነጭ ዱቄት፣ ማግኒዝየም ኦክሳይድ፣ እርጥበት ይስባል፤ ሐይቅ ዳር በክረምት ይህ የሚጠበቅ ነው። ኧርዙና አርሲዲው በተረጋገጠ ሶኬት ላይ ማንም ሳይነካው ይሙቅ፣ ተነቅሎ ይቀዝቅዝ፣ እንደገና ይለካ። ቁጥሩ ካልተነሳ ተሰንጥቋል።

ዲቫይደሮች ላይ ልጨርስ፣ ምክንያቱም የሚያቃጥሉት እነሱ ናቸው። ገመዱ ላይ "3 በ1.5" ተጽፎ ውስጡ ከዚያ የቀጠነ ወይም መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም የሆነ ብዙ አለ። በተራ መልቲሜትር ይጋለጣል፦ 2 ኪሎ ዋት የውሃ ማፍያ (9 አምፒር ገደማ) ዲቫይደሩ ላይ ሰክተው ውሃው እየሞቀ ሳለ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ፣ ከዚያ የዲቫይደሩ ጫፍ ላይ ቮልቴጅ ይለኩ። እውነተኛ 1.5 መዳብ ከሆነ በ5 ሜትር ልዩነቱ 1.2 ቮልት፣ በ10 ሜትር 2.4 ቮልት አካባቢ ነው። የመንካኪያ ብክነት ተጨምሮበትም 5 ሜትሩ ላይ ከ3 ቮልት በላይ ከጠፋ ያ ዲቫይደር ለሞባይል ቻርጀር እንጂ ለማሞቂያ አይሆንም። ከ15 ሜትር የሚረዝም ባለ 1.5 ማራዘሚያ አትጠቀሙ፤ የተጠቀለለውም ሲሠራ በሙሉ ይፈታ፣ ተጠቅልሎ ከባድ ሸክም ከያዘ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ልባሱን ያቀልጠዋል።

ሳውንድ ቦክስ፦

"ሲነካ ይነዝራል" ስለተባለው፣ የድምፅ ዕቃና ላፕቶፕ ላይ የሚታየው ከካውያው የተለየ ነው። ኪቦርድ፣ ሚክሰር፣ ላፕቶፕ ቻርጀርና ኤሌክትሮኒክስ ያለበት ሞንታርቦ መግቢያቸው ላይ ረብሻ የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሏቸው፤ አንዱ ከፌዝ ወደ አካል፣ አንዱ ከኒውትራል ወደ አካል። ኧርዝ ከሌለ አካሉ መሀል ላይ ተንሳፍፎ 110 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ኮረንቱ ትንሽ ነው፤ ባለ 2.2 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር በ220 ቮልት የሚያሳልፈው 0.15 ሚሊ አምፒር ያህል ነው፣ ሰው ደግሞ መንዘር የሚሰማው 0.5 ሚሊ አምፒር ገደማ ላይ ነው። አምስት ስድስት ዕቃ በኦዲዮ ገመድ ሲያያዙ ግን ይደማመራል። ማይክ ከንፈር ላይ፣ እጅ ኪቦርድ ላይ ሲሆን በደንብ ይሰማል።

ስለዚህ መንዘሩ የዕቃው ብልሽት ላይሆን ይችላል፤ የሶኬቱ ኧርዝ ማጣት ምልክት ነው። ሶኬቱ ሲስተካከል ይጠፋል። ኧርዝ ባለበት ሶኬት ላይ ሆኖም ቢነዝር ዕቃው አይሰካ።

"ሁም" የሚለውን ድምፅ ለማጥፋት የኧርዙን እግር የሚቆርጡ ወይም ምላሱን በፕላስተር የሚሸፍኑ አሉ። ይህ ሰው ገዳይ ነው። አንዱ አምፕሊፋየር ውስጡ ፌዝ አካሉን ከነካ ኮረንቱ በማይክ ገመድ በኩል መሬት ይፈልጋል፣ መንገዱ ላይ ያለው ደግሞ ዘማሪው ነው። ሁም የሚመጣው ዕቃዎቹ ከተራራቁ ሶኬቶች ሲሰኩ ነው፤ መድረኩን በሙሉ ከአንድ ሶኬት፣ በአንድ ጥሩ ዲቫይደር ስጡት። ካልጠፋ ኪቦርዱና ሚክሰሩ መካከል ግራውንድ ማንሻ ያለው ዲአይ ቦክስ (የድምፅ ገመድ መሀል የሚገባ ትንሽ ሳጥን) ይግባ። የሚነሳው የድምፅ ገመዱ ግራውንድ ነው፣ የኃይሉ ኧርዝ አይነካም። ሜገር ስታደርጉም የድምፅ ገመዶቹ ሁሉ ይነቀሉ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ላይ 250 ቮልት ይበቃል።

የአዳራሽ ጸሐፊ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ግልጽ ነው። ሳጥኑን አየሁት፣ አርሲዲ የለም። ሁለት ነገር ልጠይቅ፦ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ምጣድ ነው፤ ለተዝካር ሦስት አራት ምጣድ በአንድ ጊዜ ይመጣል፣ ብዙዎቹ ሠፈር ውስጥ የተሠሩ ናቸው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተር ይከራያሉ። እነዚህን እንዴት እናድርግ?

ሽቦና ብሬከር፦

ምጣድ ላይ መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። ብዙዎቹ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ናቸው፤ 3.5 ኪሎ ዋቱ 16 አምፒር፣ 4 ኪሎ ዋቱ 18 አምፒር ይስባል። የግድግዳ ሶኬት 16 አምፒር ነው፣ ያውም ለአጭር ጊዜ። ለሰዓታት እንጀራ ሲጋገርበት መንካኪያው ይግላል፣ ይላላል፣ ሲላላ ይበልጥ ይግላል፣ መጨረሻ ላይ ይቀልጣል። ምጣድ በዲቫይደር ፈጽሞ አይሰካ። ለእያንዳንዱ ምጣድ ከሳጥኑ የራሱ መስመር ይዘርጋ፦ ባለ 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር መዳብ፣ 25 አምፒር ብሬከር፣ ሰማያዊው ባለ 32 አምፒር ኢንዱስትሪያል ሶኬት። አርሲዲውም ለየብቻ ይሁን፤ ብሬከርና አርሲዲ በአንድ አካል የያዘ ይገኛል። አራት ምጣድ አንድ አርሲዲ ላይ ከሆኑ ከሸክላው እርጥበት የሚወጣው ትንሽ ትንሽ ሊኬጅ ተደምሮ ደህናውን ሁሉ ያወርዳል፣ ሰዉም "አስወግዱት" ይላል። በአንድ ጊዜ ስንት ምጣድ እንደሚበራ የሚወስነው ግን የቆጣሪያችሁ አቅም ነው፤ አራት ባለ 3.5 ኪሎ ዋት ምጣድ 64 አምፒር ነው። በአንድ ፌዝ ከሆናችሁ አይሞከርም፤ ሦስት ፌዝ ካላችሁም ይከፋፈል።

ስፒና ስለሚለያይ ሰው የራሱን ምጣድ ይዞ ሲመጣ ሰማያዊውን ስፒና የሚገጥምለት ሰው ይኖራችኋል። ያ ሰው ገመዱን ሲቀይር ምጣዱን ገልብጦ ሆዱን ያያል። መታየት ያለበት ይኸው ነው፦ የማሞቂያው ሽቦ ጫፎች ከገመዱ ጋር የሚገናኙት በሴራሚክ ተርሚናል ነው ወይስ ተጠማዝዘው በፕላስተር ተጠቅልለው? ተራ የፕላስቲክ ልባስ ገመድ የተሠራው ለ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ሸክላው ሥር ሲደርስ ይለሰልሳል፣ ይቀልጣል፣ ፌዙ የምጣዱን ቆርቆሮ ይነካል። የመጨረሻዋ ቁራጭ ሙቀት የሚችል፣ ሲሊኮን ወይም የመስታወት ክር ልባስ ያለው መሆን አለባት። ገመዱ በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚያልፍበት ቦታ የቆርቆሮው ጠርዝ እንደ ቢላ ነው፣ መከላከያ ቀለበትና ገመድ ማሰሪያ ይግባበት። ኧርዝ ሽቦው በቀለበት ጫፍ፣ ቀለሙ በተፋቀ ቆርቆሮ ላይ፣ ባለ ጥርስ ዋሸር ተደርጎበት በራሱ ብሎን ይታሰር። ሠፈር የተሠራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ይህ የለውም፤ ሁለት ሽቦ ብቻ ይዞ ነው የሚመጣው። ኧርዝ የሌለው ምጣድ አይገባም፣ እዚህ ላይ ድርድር የለም። ጋጋሪዋ እርጥብ እጅ ይዛ፣ ሊጥ ሲፈስ እያበሰች፣ ሲሚንቶ ላይ ቆማ ነው የምትሠራው።

መልቲሜትር ምጣድ ላይ ይጠቅማል፦ በሁለቱ እግሮች መካከል ባለ 3.5 ኪሎ ዋቱ ሲቀዘቅዝ 14 ኦም አካባቢ ያሳያል። 9 ወይም 10 ካሳየ ሽቦው ተበጥሶ አጥሮ ተቀጥሏል፣ ከታሰበው በላይ ይስባል። ከእግሮቹ ወደ ቆርቆሮው ግን በሜገር 0.3 ሜጋ ኦም ይጠበቃል፤ የታጠበ ወይም ሊጥ የጠጣ ምጣድ ስለሚወድቅ ፀሐይ ላይ ደርቆ ይለካ።

ማብሪያውን በተመለከተ ደግሞ፣ ባለ ሁለት ቀዳዳው ስፒና ገልብጦም ይሰካል። የስቶቩ ወይም የምጣዱ ማብሪያ አንዱን ሽቦ ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ፣ በአንዱ አሰካክ ፌዙን፣ በሌላው ኒውትራሉን ነው የሚቆርጠው። በሁለተኛው "ጠፍቷል" እያለ የማሞቂያ ሽቦው በሙሉ ፌዝ ላይ ነው። ስቶቭ ላይ ሽቦው ከላይ ግልጥ ሆኖ ስለሚታይ የፈሰሰ ሽሮ በብረት ማንኪያ የሚጠርግ ሰው ይያዛል። ስለዚህ ማጽዳት የሚጀመረው ስፒናው ተነቅሎ ነው። ማብሪያው ሁለቱንም የሚቆርጥ ቢሆን ይመረጣል።

ጄኔሬተር ጥገና፦

ጄኔሬተሩ ላይ አጭር ልበል። ትንንሾቹ የሚከራዩ ጄኔሬተሮች ኒውትራላቸው ከአካላቸውም ከመሬትም ጋር አይገናኝም። እንደዛ ሆኖ አዳራሹ ላይ ሲሰጥ የፊተኛው ጉድለት ሲፈጠር አርሲዲው አያውቅም፤ ኮረንቱ የሚመለስበት መንገድ ስለሌለ። አዳራሽ የሚመግብ ከሆነ ኒውትራሉ ከጄኔሬተሩ አካልና ከአዳራሹ ኧርዝ ጋር አንድ ቦታ ላይ፣ ከአርሲዲው በፊት መያያዝ አለበት። ይህን ሥራ ባለሙያ ይሥራው፤ ጄኔሬተሩ ኢንቨርተር ዓይነት ከሆነ ማያያዝ የማይፈቅድ አለና መመሪያው ይታይ።

በሁለቱም ጫፍ ወንድ ስፒና ያለው ገመድ ሠርቶ ከጄኔሬተሩ ሶኬት ላይ መሰካት የተከለከለ ይሁን። ዋናው ብሬከር ካልጠፋ ኮረንቱ ወደ መንገዱ መስመር ይወጣና ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ ይገድላል፤ መብራት ሲመለስ ደግሞ ጄኔሬተሩን ያቃጥላል። ሁለቱን ኃይል በአንድ ጊዜ የማያስገባ ቼንጅ ኦቨር ማብሪያ ይገጠም። ድንኳን ካለ ገመዱ ሣር ላይ አይጣል፣ ከፍ ብሎ ይሰቀል፤ ግንኙነቶቹም ከመሬት ይነሱ።

የቴክኒክ መምህር፦

ስለ ጊዜውና ምልክቱ የቀረውን ልመልስ። ገንዘባችሁ ባለ 30 ሚሊ አምፒር አርሲዲዎች፣ የሶኬት ቅየራና አንድ ሜገር ላይ ይዋል፤ ሙሉ የዕቃ መፈተሻ ማሽን በኋላ ሊመጣ ይችላል። አርሲዲው እስኪገጠም ለወጥ ቤቱ በሶኬት ላይ የሚሰካ ተንቀሳቃሽ አርሲዲ ይግዙ። የአዳራሹ ወጥ ቤት ዕቃና ዲቫይደር በየ6 ወሩ፣ የድምፅ ዕቃ በዓመት፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ማራገቢያና ቴሌቪዥን ከዚያም ዘግይቶ ሊለካ ይችላል። የአርሲዲው ቁልፍ በወር አንዴ፣ ደግሞ ትልቅ ድግስ ባለበት ዋዜማ ይጫን።

የእንግዳ ዕቃ ላይ "ደህና ነው" የሚል ምልክት አትለጥፉ፤ ባለቤቱ ቤቱ ወስዶ ሲጠቀምበትም እንደ ዋስትና ያየዋል። ቀኑ ተጽፎበት "ለዛሬ ታይቷል" የሚል ወረቀት ይበቃል። መዝገቡ ላይ የዕቃው ዓይነት፣ የባለቤቱ ስም፣ ቀኑ፣ በዓይን የታየው፣ የኧርዝ ቁጥሩ፣ የሜገሩ ቁጥር፣ ያየው ሰው ፊርማ ይግባ። "አለፈ" ብቻ ተብሎ አይጻፍ። የአዳራሹ ማፍያ በመስከረም 50 ሜጋ ኦም፣ በመጋቢት 8፣ በሚቀጥለው መስከረም 1.5 ካለ ገና ገደቡ ውስጥ ነው፣ ግን ወዴት እየሄደ እንደሆነ ይታያል፤ ኤለመንቱ ሳይወድቅ ይቀየራል። የተከለከለ ዕቃ ደግሞ ስፒናው ላይ ቀይ ላስቲክ ታስሮበት በር አጠገብ በተለየ ቦታ ይቀመጥ፤ ወጥ ቤት ውስጥ ከተተወ ሰው በጨለማ አንስቶ ይሰካዋል።